መተንፈስ ላቆመ ሰው የሚደረግ የመጀመሪያ እርዳታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አምቡላንስ እስኪደርስ አጠገብ የተገኘ ሰው ምን ያድርግ? ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን እንመልሳለን።

አንድ ሰው መተንፈስ ማቆሙን በምን አውቃለሁ?

ትከሻውን ይዘው ነቅነቅ ያድርጉትና ጮክ ብለው ይጥሩት። ካልመለሰ በጀርባው ያስተኙት። በአንድ እጅ ግንባሩን ወደ ኋላ፣ በሌላው አገጩን ወደ ላይ ቀና ያድርጉ። ጆሮዎን ወደ አፉ አስጠግተው ደረቱን ይመልከቱ። ከፍ ዝቅ ይላል? ትንፋሹ ጉንጭዎን ይነካዋል? ለዚህ ሁሉ ከ10 ሰከንድ በላይ አያጥፉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልቡ የቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አልፎ አልፎ አየር ሊስብ፣ ሊያንኮራፋ ወይም ሊያቃስት ይችላል። ከውሃ የወጣ ዓሣ አፉን ከፈት ዘጋ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ዙሪያውን የቆመው ሰው «ኧረ ይተነፍሳል!» ይላል፤ ሁሉም ይረጋጋል፤ ጊዜው ይሄዳል። ይሄ ማጣጣር ነው፣ መተንፈስ አይደለም። ራሱን የሳተና በወጉ የማይተነፍስ ሰው ካዩ ልቡ ቆሟል ብለው ይጀምሩ። እጁ አንጓ ላይ የልብ ምት ሲፈልጉ አይቆዩ። የሠለጠኑ ሰዎችም ይሳሳቱበታል።

መጀመሪያ ልደውል ወይስ ልርዳ?

ሁለቱንም አንድ ላይ። ስልኩን ላውድ ላይ አድርገው አጠገብዎ መሬት ላይ ያስቀምጡትና እጅዎን ደረቱ ላይ ያድርጉ። ሰው ካለ አንዱን በጣት እየጠቆሙ «አንተ ባለ ቀይ ሹራቡ፣ ደውል» ይበሉት። «እባካችሁ አንድ ሰው ይደውል» ከተባለ ሁሉም ሌላው የሚደውል ይመስለዋል።

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት 939፣ ፖሊስ 991። አሜሪካ 911፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ዱባይና አቡ ዳቢ 998፣ ሊባኖስ 140። ያሉበትን አገር ቁጥር አሁኑኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት። አሜሪካ ያሉ ቋንቋው የሚያስቸግራቸው ወላጆች ደግሞ 911 ደውለው «አምሃሪክ» ማለት ብቻ ይልመዱ፤ አስተርጓሚ በስልክ ይገባላቸዋል።

ሲደውሉ መጀመሪያ ያሉበትን ቦታ ይናገሩ። እኛ አገር የቤት ቁጥር እየቆጠረ የሚመጣ ሹፌር የለም። የታወቀ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት ወይም ካፌ ይጥቀሱ። አንድ ልጅ ደግሞ አስፋልቱ ድረስ ሄዶ መኪናውን ይቀበል።

ደረት የሚጫነው እንዴት ነው?

ሰውየው ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባው ይተኛ። አልጋ ላይ ከሆነ ወለል ላይ ያውርዱት፤ ፍራሽ ላይ ሲጫኑ የሚሰምጠው ፍራሹ ነው። ጎኑ ተንበርክከው የአንድ እጅዎን መዳፍ ሥር ደረቱ መሃል፣ የፍርምባው አጥንት ታችኛው ግማሽ ላይ ያሳርፉ። ሌላኛውን እጅ ከላይ ደርበው ጣቶችዎን ያቆላልፉ። ክርንዎ አይጠፍ። ትከሻዎ ከእጅዎ በላይ ይሁን። በክንድ ጉልበት ብቻ ከሞከሩ ወዲያው ይዝላሉ፤ የላይኛው ሰውነትዎ ክብደት ይሥራልዎ።

ለአዋቂ ሰው ደረቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ ከ6 ግን አይለፍ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይነሳ። ልብ ደም የሚሞላው ያኔ ነው። ደክሞት ደረቱ ላይ ተደግፎ የሚቀር ሰው ግማሹን ሥራ ያበላሻል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ሲቆጥሩ «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» ማለት ከጀመሩ ቃሉ ይረዝምና እጅዎም አብሮ ይዘገያል። ከ1 እስከ 10 ሦስት ጊዜ መቁጠር ይቀላል።

ትንፋሽ መስጠት ግዴታ ነው?

ካልሠለጠኑ ወይም ካልፈለጉ ግዴታ አይደለም። አዋቂ ሰው ድንገት ወድቆ ከሆነ ደምና ሳንባው ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ የሚበቃ ኦክስጅን አለ። የጎደለው ደሙን ወደ አንጎል የሚገፋው ኃይል ነው። ስለዚህ ሳያቋርጡ መጫን ብቻውን ትልቅ እርዳታ ነው።

የሠለጠነ ሰው 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ ይሰጣል፤ እንደገና 30፣ እንደገና 2። ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርገው፣ አፍንጫውን በጣት ዘግተው፣ አፍዎን በአፉ ላይ በደንብ ገጥመው ለ1 ሰከንድ ያህል ይንፉ። ደረቱ ከፍ ሲል ካዩ በቂ ነው። በኃይል መንፋት አየሩን ሆድ ውስጥ ይከተውና ያስመልሰዋል። ካልገባልዎ ራሱን አስተካክለው አንድ ጊዜ ይሞክሩ፤ ከዚያ ወደ ደረቱ ይመለሱ። ለትንፋሹ ሲሉ መጫኑን ከ10 ሰከንድ በላይ አያቋርጡ።

የጎድን አጥንቱን ብሰብረውስ?

ሊሰበር ይችላል፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሲሰማ ብዙዎች ደንግጠው እጃቸውን ያነሳሉ። አያንሱ። እጅዎ ቦታው ላይ መሆኑን አይተው ይቀጥሉ። አጥንት ይጠገናል። ልብ በቆመ ከ4 ደቂቃ ገደማ በኋላ መጎዳት የሚጀምር አንጎል ግን እንዲህ አይመለስም።

«በትክክል ካላወቅኩስ?» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ትንሽ የተዛነፈ ግፊት ቆሞ ከማየት በጣም ይሻላል።

መኪና ውስጥ ጭኜ ወደ ሐኪም ቤት ብሮጥ አይሻልም?

እኛ ጋ የተለመደው ይሄ ነው። አራት ሰው እጅና እግሩን ይይዛል፣ ላዳው ኋላ ወንበር ላይ ይታጠፋል፣ ጥሩምባ እየተነፋ ይከነፋል። አሳቢነቱ አይካድም። ግን የማይተነፍስ ሰው ታጥፎ በተጫነባቸው ደቂቃዎች ሁሉ አንጎሉ ደም አያገኝም። ኋላ ወንበር ላይ ደረት መጫን አይሆንም። በአዲስ አበባ መንገድ 4 ደቂቃ የት ያደርሳል?

ስለዚህ መጫኑ እዚያው የወደቀበት ቦታ ይጀመር። ሌላው ሰው ይደውል፣ መኪናም ይፈልግ። አምቡላንስ በጭራሽ እንደማይመጣ ካወቁ፣ ገጠር ውስጥ ካሉ ለምሳሌ፣ ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነ መኪና ላይ አጋድመው እየተጫኑ መሄድ የመጨረሻው አማራጭ ነው። መተንፈስ ከጀመረ በኋላ ግን መቸኮል ተገቢ ነው።

ውሃ መርጨት፣ ክብሪት ማሽተት፣ ሎሚ ማስጠጋትስ?

ልቡ ለቆመ ሰው አንዳቸውም አይጠቅሙም። የሚያደርጉት ነገር ጊዜ መብላት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው አፉ ውስጥ ውሃ ማድረግ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል አደገኛ ነው። ጸበል መርጨት የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ መጣላት አያስፈልግም። እሱ ይርጭ፣ እርስዎ ይጫኑ። አፉ ውስጥ ብቻ አይግባ።

ክብሪቱ ከሚጥል በሽታ ጋር የመጣ ልማድ ነው፤ እዚያም ጥቅም የለውም። ጥርስ መሃል ማንኪያ መክተትም እንዲሁ፤ ጥርስ ይሰብራል። ይልቅ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ልብ ሲቆም አንዳንዴ ሰውነት ለአጭር ጊዜ ይንቀጠቀጣል። አላፊ አግዳሚው «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ይርቃል። መንቀጥቀጡ እንደቆመ ቀርበው ትንፋሹን ይዩ። በወጉ የማይተነፍስ ከሆነ ይጀምሩ።

የሚተነፍስ ግን የማይነቃ ሰው ምን ይደረግ?

ይህን ሰው ደረቱን አይጫኑት። በጎኑ ያስተኙት። የላይኛው ጉልበቱ ታጥፎ መሬት ይንካ፤ እንዳይገለበጥ ይይዘዋል። ራሱ ትንሽ ወደ ኋላ ቀና ይበል፤ አፉ ወደ መሬት ያዘንብል። ቢያስመልሰው ወደ ውጭ ይፈስለታል። በጀርባው ከተኛ ምላሱ ጉሮሮውን ሊዘጋው ወይም ትውከቱ ሊያንቀው ይችላል። ጠጥቶ የወደቀ ሰውንም እንዲሁ ያድርጉት፤ «ይተኛበት» ብሎ በጀርባው ጥሎ መሄድ ነው ብዙ ጊዜ የሚገድለው። አጠገቡ ሆነው ትንፋሹን ይከታተሉ።

ሕፃን ወይም ልጅ ከሆነስ?

ልጆች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቆመው ትንፋሽ ነው፤ ልብ የሚቆመው ኦክስጅን ሲያልቅበት ነው። ስለዚህ ለልጅ ትንፋሽ መስጠት የግድ ያስፈልጋል። ብዙ ሥልጠናዎች በ5 ትንፋሽ ይጀምሩ ይላሉ። ከዚያ 30 ግፊት፣ 2 ትንፋሽ።

ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ራሱን ብዙ ወደ ኋላ አያንጋልሉ፤ ቀጥ ይበል። አፍዎ አፉንና አፍንጫውን አንድ ላይ ይሸፍን። የሚነፉት ጉንጭዎ ውስጥ ያለችውን አየር ያህል ነው። ለመጫን ደረቱን በሁለት እጅ አቅፈው በሁለቱ አውራ ጣቶች ይጫኑ፤ ካልመቸዎ በአንድ እጅ መዳፍ ሥር። ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ላለ ልጅ አንድ እጅ ወይም ሁለት፣ እንደ ልጁ ግዝፈት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል። ሁለቱም ዘንድ መለኪያው የደረቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ነው። ሕፃንን ለማንቃት መናጥ ክልክል ነው፤ የእግሩን መዳፍ መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የወጣ ሰውን ሆዱን ጨምቄ ውሃውን ላውጣ?

አይ። በእግሩ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልም፣ ሆዱን መጫንም አያስፈልግም። ከሆዱ የሚወጣው ውሃ ያስመልሰውና ወደ ሳንባው ይመለሳል። የሰጠመ ሰው የጎደለው አየር ነው፤ ስለዚህ አዋቂም ቢሆን በትንፋሽ ይጀምሩ። 5 ሰጥተው ከዚያ 30 በ2 ይቀጥሉ። አፉ ላይ የሚወጣውን አረፋ ሲጠርጉ አይቆዩ። ካስመለሰው ወደ ጎን አዙረው አፉን ጠርገው ይቀጥሉ።

ዋና ሳይችሉ የሚሰጥም ሰው ለማዳን ዘሎ መግባት ሁለት ሬሳ ነው የሚያስወጣው። ክረምት ላይ ውሃ በሚያቁሩ የግንባታ ጉድጓዶች ይህ በተደጋጋሚ ይደርሳል። ገመድ፣ ረጅም እንጨት፣ ባዶ ጀሪካን ይወርውሩለት።

ምግብ ያነቀው ሰውስ? ውሃ ላጠጣው?

የሚያስል ከሆነ ይተዉት፣ ያስል። ከእኛ ድለቃ የእሱ ሳል ይበልጣል። መናገርም ማሳልም ካቃተው ግን ውሃ አይስጡት፤ ውሃው ማለፊያ የለውም። ወደ ፊት ጎንበስ አድርገው በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መሃል በመዳፍዎ ሥር 5 ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ካልወጣ ከኋላው አቅፈው፣ ጭብጥዎን ከእምብርቱ ከፍ አድርገው፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይሳቡ። ሁለቱን ያፈራርቁ። ለነፍሰ ጡርና በጣም ወፍራም ለሆነ ሰው ሆዱን ትተው ደረቱን ይጫኑ።

ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሆዱ አይጫንም። ክንድዎ ላይ ራሱን ዝቅ አድርገው በሆዱ አስተኝተው ጀርባውን 5 ጊዜ፣ ገልብጠው ደረቱን 5 ጊዜ። ራሱን ከሳተ፣ ሕፃንም ይሁን አዋቂ፣ መሬት አስተኝተው እንደሌላው ይርዱት። ትንፋሽ ከመስጠትዎ በፊት አፉን ከፍተው ይዩ። የሚታይ ነገር ካለ ያውጡ፤ በማይታይበት ጣት መስደድ ግን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ፍቅር ቢሆንም ለትንሽ ልጅና ለአረጋዊ ጉርሻው ይነስ።

በከሰል ጭስ፣ በጉድጓድ ወይም በኤሌክትሪክ የወደቀ ሰው ጋ ስደርስስ?

እዚህ ቦታ ደግ ሰው ይሞታል። በክረምት ብርድ ከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባለው ጋዝ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ጭስ ስለማይታይ ከሰሉ «የበሰለ» ይመስላል፤ ጋዙ ግን አለ። በሩንና መስኮቱን በርግደው ሰውየውን በፍጥነት ወደ ውጭ ያውጡ። እርዳታው ውጭ ይደረግ። እነዚህም አየር ያጡ ናቸውና ትንፋሽ መስጠት ከቻሉ ይስጡ።

የሽንት ቤት ወይም የውሃ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ሰው ተከትለው አይግቡ። አንዱ ሊያወጣ ይገባል፣ ይወድቃል፤ ወንድሙ ይከተላል፣ እሱም ይወድቃል። 939 ይደውሉ። በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው ደግሞ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ሳያወርዱ አይንኩት። መንገድ ላይ የተበጠሰ ትልቅ የኤሌክትሪክ መስመር ከሆነ መብራት ኃይል እስኪያጠፋው ጭራሽ አይጠጉ።

ኤርፖርት ያየሁት የልብ ሥዕል ያለበት ሣጥን ምንድን ነው?

ኤኢዲ ይባላል። ልቡ በዝብርቅርቅ ምት ለተያዘ ሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጣል። ይከፍቱታል፣ ያበሩታል፣ ከዚያ በድምፅ እየመራ የሚያደርጉትን ይነግርዎታል። ሁለቱን ተለጣፊዎች ባዶ ደረት ላይ በሥዕሉ መሠረት ይለጥፋሉ። የማያስፈልገው ሰው ላይ ንዝረት አይለቅም፤ ስለዚህ በስህተት እገድላለሁ ብለው አይፍሩ። «አትንኩት» ሲል ሁሉም እጁን ያንሳ። ንዝረቱ እንዳበቃ ወዲያው ይጫኑ።

ሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮፐንሀገን ዴንማርክ ከፊንላንድ ኳስ ስትጫወት ተጫዋቿ ክርስቲያን ኤሪክሰን ሜዳ ላይ ሲወድቅ ያየ ሰው ብዙ ነው። ደረቱን ተጭነው፣ በዚህ ዓይነት መሣሪያ አንድ ንዝረት ሰጥተው መለሱት። ከሜዳው ሳይወጣ ነቃ። በኋላም ለማንቸስተር ዩናይትድ ተጫወተ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ የምትሠሩበት ሕንፃ ውስጥ ሣጥኑ የት እንደተሰቀለ ነገ እግረ መንገዳችሁን እዩ።

ኤችአይቪ ወይም ቲቢ ቢይዘኝስ?

ደረት በመጫን ኤችአይቪ አይተላለፍም። አፍ ለአፍ ትንፋሽ በመስጠትም የመያዝ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። ደም ካለ ወይም የሚያስል በሽታ ከጠረጠሩ ትንፋሹን ይተዉት፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍነው ደረቱን ብቻ ይጫኑ። ፍርሃቱ ከመጫን አያግድዎ።

ሴት ብትሆንስ? ነፍሰ ጡር ብትሆንስ?

ወንዶች «ደረቷን ነካ» እንዳይባሉ ያመነታሉ። ይህ ነውር ተብሎ ሲታሰብ ሴቲቱ ትሞታለች። አጥንቱ አንድ ነው፣ ቦታውም አንድ ነው። ለመጫን ልብሷን ማውለቅ አያስፈልግም። ለኤኢዲ ሲሆን ግን ደረቷ መገለጥ አለበት፤ ሴቶች ካሉ ነጠላ ዘርግተው ይከልሏት።

ነፍሰ ጡርም ደረቷ ይጫናል። ሽሉን የሚያድነው እናቲቱን ማዳን ነው። ሆዷ ገፍቶ ከሆነ ሌላ ሰው በእጁ ማህፀኗን ወደ ግራዋ ገፍቶ ይያዝ። በጀርባዋ ስትተኛ ማህፀኗ ትልቁን የደም ሥር ስለሚጫነው ነው።

መቼ ነው የማቆመው?

መንቀሳቀስ፣ ዓይኑን መግለጥ ወይም በወጉ መተንፈስ ሲጀምር። ባለሙያ ሲረከብዎ። ቦታው ለእርስዎ አደገኛ ሲሆን። ወይም ጉልበትዎ ጭራሽ ሲያልቅ። ሰው ካለ በየ2 ደቂቃው ይቀያየሩ፤ ካልተቀያየሩ እርስዎ ሳይታወቅዎት ግፊቱ ይሳሳል።

ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። የእንግሊዙ ቦልተን ክለብ ኳስ ተጫዋች ፋብሪስ ሙዋምባ በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሜዳ ውስጥ ወድቆ ልቡ ለ78 ደቂቃ በራሱ አልመታም። ሐኪሞቹ ሳያቋርጡ ሠሩበትና ዳነ። ኳሱን ተወ እንጂ ዛሬም አለ። ሰውነቱ ደርቆ የቀረ፣ ከሞተ ሰዓታት ያለፈው ሰው ላይ ግን መጀመር ትርጉም የለውም።

ቢሞትብኝ ፖሊስ ይጠይቀኛል?

ይህ ፍርሃት ስንቱን አላፊ አግዳሚ ያስሮጣል። ፖሊስ መጥቶ ምን እንዳዩ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ የምስክር ነገር ነው። ልቡ የቆመ ሰው ላይ ደረቱን ተጭነው የባሰ ሊያደርጉት አይችሉም። እንዲያውም ሕጉ የሚያስበው በተቃራኒው ነው። በ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 መሠረት፣ ራሱንም ሌላውንም አደጋ ላይ ሳይጥል መርዳት እየቻለ ሕይወቱ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው አውቆ ትቶ የሄደ ሰው ነው የሚጠየቀው። መደወልም እርዳታ ነው።

ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልስ? ሐኪም ቤት ይሂድ?

ይሂድ፤ ክርክር የለውም። አንዴ የቆመ ልብ እንደገና ሊቆም ይችላል። ሰጥሞ የዳነ ሰው ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። የከሰል ጋዝ የመታው ሰው ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ታንቆ ሆዱ የተጫነም ውስጡ መጎዳት አለመጎዳቱ መታየት አለበት። እስኪሄድ ድረስ ቡናም፣ ውሃም፣ ስኳር በጥብጦም አይስጡት። በምን ሰዓት እንደወደቀና ስንት ደቂቃ እንደተጫኑት ማስታወሻ ይያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።